በጦር ኃይል የተያዘ መሬት በሕግ የማን ነው? የጎንደር ምሳሌ

በጎንደር ከተማ ፒያሳ የሚገኙት የፖስታ ቤቱና የሲኒማው ሕንፃዎች የተሠሩት ከተማዋ በኢጣሊያ ወረራ ሥር በነበረችባቸው ዓመታት ነው። የኢጣሊያ ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ በደባርቅ አቅራቢያ የነበረው የወልቅፊት ምሽጉ በመስከረም 1934፣ ጎንደር ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጅ ሰጥተዋል። ይህን ያህል ዘመን የዘለቀ ይዞታ ለወራሪው መብት ያስገኝ ነበርን?

የወረራው ሕገ ወጥነት የተረጋገጠው ጦሩ ጎንደር ከመድረሱ ወራት አስቀድሞ ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. አባል የሆነችበት የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን፣ አባል አገሮች አለመግባባታቸውን ለግልግል፣ ለፍርድ ወይም ለማኅበሩ ምክር ቤት ሳያቀርቡ ወደ ጦርነት እንዳይገቡ ያስገድድ ነበር። ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነት ሳታውጅ የመረብን ወንዝ ተሻገረች። ምክር ቤቱም መስከረም 26 ቀን ቃል ኪዳኑን ጥሳ ወደ ጦርነት መግባቷን አረጋገጠ።

ጉድለቱ የነበረው በአፈጻጸሙ ነው። የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አላካተተም፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች አልተዘጋም። ማዕቀቡ ራሱ በሐምሌ 1928 ተነሣ።

በ1937 ዓ.ም. የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር ክልከላውን አጥብቆታል። በአንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት በሌላ አገር የግዛት አንድነት ላይ ኃይል መጠቀም ብቻ ሳይሆን በኃይል ማስፈራራትም የተከለከለ ነው። ልዩ ሁኔታዎቹ ሁለት ናቸው፦ የትጥቅ ጥቃት የደረሰበት አገር ራሱን መከላከሉና የጸጥታው ምክር ቤት የሚሰጠው ፈቃድ።

በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ደግሞ ወረራው ያስከተለውን ውጤት ሽሯል። ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ከዲፕሎማቲክና ከቆንስላ ሕንፃዎች በስተቀር የኢጣሊያ መንግሥት በኢትዮጵያ ያፈራው ንብረት ለኢትዮጵያ እንዲተላለፍ፣ ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወዲህ የተወሰዱ ቅርሶችም በ18 ወራት ውስጥ እንዲመለሱ ውሉ ይደነግጋል። የቀኑ አመራረጥ ልብ ሊባል ይገባል፤ የሚቆጠረው አዲስ አበባ ከተያዘችበት ከሚያዝያ 1928 ሳይሆን ድንበሩ ከተጣሰበት ዕለት ጀምሮ ነው። የአክሱም ሐውልት ግን የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።