ልጃችን ስለ ገላ፣ ስለ ትዳርና ስለ ኢማን ሲጠይቅ

 

በረመዷን ወር ከተራዊሕ በኋላ ወላጆች ወደ እኛ ይዘውት ከሚመጡት ጉዳይ አንዱ የተማሪ ልጆቻቸው ነገር ነው። ልጅቱ ሕክምና ትማራለች። ጠዋት አስከሬን ባለበት ክፍል ገብታ አናቶሚ ታጠናለች፤ ማታ ቁርኣን ትቀራለች፤ በመካከሉ ደግሞ እናቷን ስለ ትዳር፣ ስለ ባልና ሚስት ፍቅር፣ ስለ ወሊድ ትጠይቃለች። ወላጆች ይጨነቃሉ። አንዳንዱ «ይሄ የሕክምና ትምህርት ዲኗን ያስጥላታል» ብሎ ይሰጋል። አንዳንዱ «ገና ተማሪ ሆና ስለ ትዳር መጠየቅን ምን አመጣው?» ይላል። ልጃቸው ልቧ በሦስት የተከፈለ ይመስላቸዋል።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። ይህች ልጅ ልቧ አልተከፈለም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «አላህ እንዴት ፈጠረኝ? ከማን ጋር፣ እንዴት ልኑር? ወደ እሱስ እንዴት ልመለስ?» ነው። እነዚህን ጥያቄዎች አንዱን ፈቅደን ሌላውን ብናፍን፣ የታፈነው መልሱን ፍለጋ ከቤት ውጭ ይሄዳል።

አምስቱ የጾም አንቀጾች

ጾምን የደነገጉልን የሱረቱል በቀራህ አንቀጾች ከ183 እስከ 187 ያሉት ናቸው። ቀስ ብለን እንያቸው። የመጀመሪያው የጾም ዓላማ ተቅዋ መሆኑን ይነግረናል፤ ይህ የኢማን ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ወዲያው ወደ ገላ ይወርዳል፤ የታመመው፣ መንገደኛውና ጾም የሚከብደው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያስረዳል። ሦስተኛው ቁርኣን በረመዷን መውረዱን፣ አላህም ለኛ ማቅለልን እንጂ ማክበድን እንደማይሻ ያስታውሰናል። አራተኛው አላህ ለሚለምነው ባሪያ ቅርብ መሆኑን ያበስረናል። አምስተኛው ደግሞ ወደ መኝታ ቤት ገብቶ በጾም ሌሊት ለባልና ለሚስት የተፈቀደውን ይናገራል፤ አንዱንም ለሌላው በልብስ ይመስለዋል።

ገላ፣ ትዳርና ኢማን በአንድ ትንፋሽ በሚቀሩ አምስት አንቀጾች ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል። ቁርኣን ያልለያያቸውን እኛ በልጃችን ፊት የምንለያያቸው በምን ምክንያት ነው?

በዚያው ሱራ ጥቂት ወረድ ብለን ስንቀራ፣ ሰዎች ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) የጠየቋቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ተመዝግበው እናገኛለን። ስለ አዲስ ጨረቃዎች ጠየቁ፤ ስለ ምጽዋት ጠየቁ፤ ስለ መጠጥና ቁማር ጠየቁ፤ በ222ኛው አንቀጽ ደግሞ ስለ ወር አበባ ጠየቁ። ሁሉም መልስ አገኙ። የወር አበባ ጥያቄ በቁርኣን ገብቶ እስከ ዕለተ ቂያማ በሶላት ውስጥ የሚቀራ ከሆነ፣ በቤታችን በሹክሹክታ እንኳ የማይነሳ ነውር ሊሆን አይገባም።

ፊቅህ አስተማሪው ሐኪም

በዐረብኛ አናቶሚ «ተሽሪሕ» ይባላል። ኪታብን ማብራራት «ሸርሕ» ነው። ልጆቻችን በቃላቸው የሚቀሩት «አለም ነሽረሕ» የሚለው ሱራ፣ አላህ የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ደረት መክፈቱን የሚናገረው፣ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ገላን ከፍቶ ማየት፣ ኪታብን ከፍቶ ማስረዳት፣ ደረትን ለእውነት መክፈት፤ ቋንቋው ሦስቱን ዘመድ አድርጓቸዋል።

ይህን ዝምድና በሕይወታቸው ካሳዩ ዑለማ አንዱ ኢብኑ ነፊስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1213 በደማስቆ አካባቢ ተወለዱ። ሕክምናን በደማስቆው የኑሪ ሆስፒታል ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ካይሮ ሄደው እስከ ዕለተ ሞታቸው እዚያው ኖሩ። በካይሮ በሽተኛ ያክሙ ነበር፤ በመስሩሪያ መድረሳም የሻፊዒይ መዝሀብ ፊቅህ ያስተምሩ ነበር። ስለ ሐዲስ ዕውቀትም ጽፈዋል። የሻፊዒይ ዑለማን ታሪክ የሰበሰቡት ኢማም ሱብኪ የሕይወት ታሪካቸውን በፉቀሃዎች መካከል አስገብተውታል።

እ.ኤ.አ. በ1242፣ ዕድሜያቸው ሠላሳ ሳይሞላ፣ የኢብን ሲናን ታላቅ የሕክምና መጽሐፍ የ«አል-ቃኑን»ን የተሽሪሕ ክፍል የሚያብራራ ኪታብ ጻፉ። ከእሳቸው በፊት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሐኪሞች የግሪኩን ጋሌንን ተከትለው፣ ደም ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከል ባለው ግድግዳ ውስጥ በሚገኙ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ይሉ ነበር። ኢብኑ ነፊስ ይህ ትክክል አይደለም አሉ። ግድግዳው ድፍን ነው፤ ደሙ ከቀኝ ክፍል ወጥቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ እዚያ ከአየር ጋር ተዋህዶ ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል ብለው ጻፉ። ዛሬ ተማሪዎቻችን በባዮሎጂ መጽሐፍ የሚማሩት ይህንኑ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቪ ስለ ደም ዝውውር የጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1628 ነው። የኢብኑ ነፊስ ጽሑፍ ግን ለዘመናት ተዘንግቶ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 አንድ ግብጻዊ ሐኪም በርሊን ካለ የብራና ክምችት ውስጥ አገኘው።

እኚህ ሰው ለአላህ ሕግ የነበራቸውን አክብሮትም እንይ። በዚያው ኪታብ መግቢያ፣ የሰውን ገላ ከመቅደድ ሸሪዓና በተፈጥሮ ያለ እዝነት እንዳገዳቸው ጽፈዋል። በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ ባልደረቦቻቸው ለመድኃኒት ብለው ወይን ጠጅ ቢያቀርቡላቸው፣ በሆዴ መጠጥ ይዤ ከጌታዬ ጋር አልገናኝም ብለው እንደመለሱት ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1288 ሲሞቱ ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን ለመንሱሪ ሆስፒታል ወቅፍ አደረጉ። ስለ ልብ ብዙ ማወቃቸው ከዲናቸው አላራቃቸውም።

ካሚል የተባለው ልጅ

ኢብኑ ነፊስ አንድ የትረካ ኪታብም አላቸው፤ «አር-ሪሳለቱል ካሚሊያ» ይባላል። ታሪኩ ካሚል የተባለ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻውን የተገኘ ልጅ ነው። ካሚል መጀመሪያ የሚመረምረው ገላን ነው፤ የሞቱ እንስሳትን ከፍቶ ልብን፣ ሆድንና ሌላውንም ክፍል እያየ እያንዳንዱ ለምን እንደተሠራ ያስተውላል። ሥራው ያለ ሠሪ እንደማይሆን ከዚህ ይረዳል። ከዚያ መርከብ ወደ ደሴቱ ትመጣለች። ሰዎቹ ልብስና የበሰለ ምግብ ይሰጡታል። ካሚል ሰው ብቻውን ሊኖር እንደማይችል ያኔ ያውቃል፤ አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ይጋግራል፣ አንዱ ይሰፋል። አብሮ ለሚኖር ሕዝብ ደግሞ ፍትሕ የሚያጸና ሕግ ያስፈልገዋል፤ ሕጉን ከአላህ የሚያደርስ ነቢይም ያስፈልጋል ወደሚለው ይደርሳል።

የልጁ መንገድ ከገላ ወደ ሰዎች፣ ከሰዎች ወደ ነቢይ ነው። በየቤታችን ያለችው ተማሪም በዚሁ መንገድ እየሄደች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመንገዱ መካከል ስናገኛት ወደ ኋላ አንመልሳት፤ አብረናት እንሂድ።

እዚህ ላይ ሚዛኑን እንጠብቅ። በዚያው ዘመን፣ በዚያችው ደማስቆ የኖሩት ኢማም ነወዊ ናቸው። በአገራችን ደረሳዎች የሚቀሩትን «ሚንሃጅ»ን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ኢማም ነወዊ ሕክምና ሊማሩ አስበው «አል-ቃኑን»ን ገዙ፤ ነገር ግን ልባቸው ስለጨለመባቸው መጽሐፉን ሸጠው ወደ ዲን ትምህርታቸው እንደተመለሱ ተተርኳል። ሁለቱም ሻፊዒዮች፣ ሁለቱም የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው። አንዱ ያን መጽሐፍ ሸጡት፤ ሌላው አብራሩት። ኡማው ከሁለቱም ተጠቅሟል። ለአንዱ ልጅ የተሰጠው በር ለወንድሙ ላይሰጥ ይችላል። የወላጅ ሥራ ልጁ የትኛው በር እንደተከፈተለት ማስተዋል ነው። ኢማም ሻፊዒይ ራሳቸው ሙስሊሞች ሕክምናን በመተዋቸው ያዝኑ እንደነበርም ተዘግቧል።

ሐያእ ከመጠየቅ አይከለክልም

«ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠይቅ ሐያእ የት ሄደ?» የሚሉን አሉ። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ሶሓቦች ሐያእንና ዝምታን አንድ አላደረጓቸውም። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ፣ ሴት በሕልሟ እንደ ወንድ ብታይ ትጥበት አለባት ወይ ብላ በግልጽ ጠየቀች። አላባረሯትም፤ ፈሳሹን ካየች አዎ ብለው መለሱላት። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን፣ ሐያእ ዲናቸውን ከማወቅ አላገዳቸውም ብላ አወድሳቸዋለች።

ስለ ፍቅርም እንዲሁ ነው። በሪራ ከባርነት ነፃ ስትወጣ ከባሏ ከሙጊስ መለየትን መረጠች። ሙጊስ እንባው ጢሙ ላይ እየፈሰሰ በመዲና መንገዶች ይከተላት ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘኑለትና ብትመለሽለት ብለው ነገሯት። ትእዛዝ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አማላጅ ብቻ መሆናቸውን ነገሯት። እሷም አልፈልገውም አለች፤ ነገሩ በዚያ አበቃ። በዚህ ታሪክ ማንም የሙጊስን እንባ አላላገጠበትም፤ ማንም የበሪራን እምቢታ አልረገጠም። ልጆቻችን ስለ ትዳር ሲጠይቁ መጀመሪያ መስማት ያለባቸው እንዲህ ያለውን ነው። ከኛ ካልሰሙ ከጓደኛና ከስልክ ይሰማሉ፤ እዚያ ደግሞ እዝነትም ሐላልና ሐራምም አብረው አይመጡም።

በዚህ ረመዷን ቤታችን ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ የወር አበባ ጉዳይ ነው። ብዙ ቤት ልጃገረዶች ጾም በማይኖርባቸው ቀናት አባትና ወንድም እንዳያውቁ ብለው የጾሙ ይመስላሉ፤ ከሱሑር ይነሳሉ፣ ቀኑን ውሃ ሳይቀምሱ ያመሻሉ፣ ወይም ተደብቀው ይጠጣሉ። አላህ ያቀለለላትን ልጅ እኛ በዝምታችን አከበድንባት። እናት ከረመዷን በፊት በግልጽ ትንገራት፦ በእነዚያ ቀናት ጾም የለም፤ ጾሙ በኋላ ቀዷ ይወጣል፣ ሶላቱ ግን ቀዷ የለውም። አባትና ወንድሞችም «ዛሬ ለምን አልጾምሽም?» የሚለውን ጥያቄ ከአፋቸው ያውጡ።

ሁለተኛ፣ የታመመ ሰው ነው። ስኳር ወይም ኩላሊት ያመማቸው አባት «ሞቼም ቢሆን እጾማለሁ» ሲሉ፣ የሕክምና ተማሪዋ ልጅ «አባዬ፣ መጀመሪያ ሐኪምህን እናማክር» ብትል ዲንን ማቃለሏ አይደለም። 184ኛውን አንቀጽ በተግባር ማንበቧ ነው። ይስሟት።

ሦስተኛ፣ የአስከሬን ትምህርት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሞተን ሰው አጥንት መስበር በሕይወት እያለ እንደመስበር መሆኑን አስተምረዋል። የሙት ክብር ከባድ ነው። ይሁን እንጂ በመካ የሚገኘው የራቢጧ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ሐኪም ለማሠልጠን አስፈላጊ ሲሆን ከነቅድመ ሁኔታዎቹ ፈቅዶታል። ከአስፈላጊው መጠን አለማለፍና የሟቹን ክብር መጠበቅ ከነዚያ መካከል ናቸው። ስለዚህ ተማሪዋ ወደዚያ ክፍል ስትገባ ንያዋን ታስተካክል፤ አትቀልድበት፣ ፎቶ አታንሳበት። ከፊቷ የተኛው ሰው በሞቱም እያስተማራት ነው።

አራተኛ፣ የማናውቀውን አላውቅም እንበል። ኢማም ማሊክ ለብዙ ጥያቄ «አላውቅም» በማለታቸው ክብራቸው አልቀነሰም። የገላውን ጥያቄ ወደ ሐኪም፣ የፊቅሁን ወደ ዓሊም እንውሰድ፤ ልጁን ግን ያለ መልስ አንመልሰው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገላ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ሥጋ እንዳለች፣ እሷ ስትስተካከል ገላ ሁሉ እንደሚስተካከል፣ እሷም ልብ መሆኗን ነግረውናል። ልጆቻችን የልብን ክፍሎች በትምህርት ቤት እየቆጠሩ ነው። ልብ በምን እንደሚስተካከል ማሳየቱ የኛ ፈንታ ነው። ዛሬ ከኢፍጧር በኋላ፣ ሻዩ ሳይነሳ፣ ልጃችንን ምን እየተማርክ ነው፣ ምን እየተማርሽ ነው ብለን እንጠይቅና መልሱን እስከ መጨረሻው እንስማ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጥልን፤ ትዳራቸውን የእዝነትና የመረጋጋት ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።