የታይታኒየም ቅይጥ በሙቀት ውስጥ ሲቆይ

ታይታኒየም የሚቀልጠው 1,668 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በመሆኑ ሙቀት እምብዛም እንደማይነካው በሰፊው ይታሰባል፤ ይሁን እንጂ በአውሮፕላን ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚዘወተረው፣ 6 በመቶ አልሙኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለበት ቅይጥ፣ ለረጅም ጊዜ አገልግሎት የሚታመነው እስከ 400 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ርቀት የተፈጠረው ብረቱ ገና ጠጣር ሳለ በውስጡ ያሉት አተሞች ቀስ እያሉ ቦታ ስለሚለዋወጡ ነው።

ንጹሕ ታይታኒየም ከ882 ዲግሪ በታች አልፋ የሚባለውን ባለስድስት ጎን የአተም አደራደር፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ቤታ የሚባለውን ኩብ መሰል አደራደር ይይዛል፤ አልሙኒየም አልፋን፣ ቫናዲየም ቤታን ስለሚያጸኑ ከላይ በተጠቀሰው ቅይጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ይገኛሉ። አልሙኒየም የበዛበት አልፋ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለሺህ ሰዓታት ሲቆይ፣ ቀድሞ እንደነገሩ ተበትነው የነበሩት የአልሙኒየም አተሞች ለሦስት ታይታኒየም አንድ አልሙኒየም በሚደርስበት ሥርዓት ይሰለፋሉ፤ አልፋ ሁለት የሚባሉት ደቃቅ ቅንጣቶች የሚወለዱት በዚህ መንገድ ነው። ብረት ሲሳብ ሳይሰበር የሚለጠጠው የአተም ረድፎች እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ ሲሆን፣ ቅንጣቶቹ ግን መንሸራተቱን በጥቂት ጠባብ መስመሮች ላይ ስለሚያከማቹት ስንጥቅ ቶሎ ይጀምራል። አሳሳቹ ነገር የመሳብ ጥንካሬው ባለበት መቆየቱ፣ እንዲያውም ከፍ ማለቱ ነው፤ ስለዚህ ጥንካሬን ብቻ የለካ መርማሪ የተሰባሪነቱን አደጋ ላያየው ይችላል።

ቅይጥ ቀማሚዎች ይህን ለመከላከል የአልሙኒየምን መጠን፣ የቆርቆሮን ሲሶ፣ የዚርኮኒየምን ስድስተኛና የኦክስጅንን ዐሥር እጥፍ ደምረው ድምሩ ከ9 በመቶ እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። 6 አልሙኒየም፣ 2 ቆርቆሮና 4 ዚርኮኒየም ባለበት ቅይጥ ድምሩ ከወዲሁ 7.3 ስለሚደርስ 0.17 በመቶ ኦክስጅን ብቻውን ወሰኑን ይሞላዋል፤ ኦክስጅን እንዲህ የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኦክስጅን ከአየር ሲመጣም የባሰ ነው። በሞቀ ታይታኒየም ላይ ዝገት ሆኖ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ብረቱ ሰርጎ ገብቶ አልፋን ያጸናና ፊቱን እንደ ሸክላ ጠጣርና ተሰባሪ ያደርገዋል፤ በተደጋጋሚ ጭነት የሚመጣው የብረት ድካም ስንጥቅም ብዙ ጊዜ ከዚህ ሽፋን ይነሣል። ጉዳቱ ከላይ ይሁን ከውስጥ ለመለየት የቆየው ናሙና አንዴ ከነሽፋኑ፣ አንዴ ደግሞ ፊቱ ተልጦ ይሳባል፤ የተላጠው ደኅና ከተለጠጠ ጥፋቱ የሽፋኑ ነው፣ ካልተለጠጠ ግን ለውጡ ውስጥ ድረስ ዘልቋል ማለት ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች የተለመዱት የታይታኒየም ቅይጦች፣ ሙቀት እንዲችሉ ሆን ተብለው የተቀመሙትም ጭምር፣ በጄት ሞተር ኮምፕሬሰር ውስጥ ከ600 ዲግሪ ገደማ በላይ አይዘልቁም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቦታ የኒኬል ቅይጦች ነው።