ከማስመሰያው በፊት ወረቀትና እርሳስ



የዛሬው ንግግሬ የኃይል ኤሌክትሮኒክስ ሰርኪቶችን በኮምፒውተር አስመስሎ መፈተሽ እንዴት እንደሚጀመር ነው። ምሳሌዬን ከቅርብ ልውሰድ። ቡይት ራስ ላይ ላለች አንዲት ቤት መብራት እንሠራለን እንበል። የፀሐይ ሰሌዳው 18 ቮልት ይሰጣል፤ መብራቶቹ 12 ቮልት ይፈልጋሉ። በመካከል ቮልቴጅ የሚቀንስ መቀየሪያ ያስፈልገናል።

ሶፍትዌሩን ለማግኘት ገንዘብ አያሻችሁም። በ1973 እ.ኤ.አ. ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የወጣው ስፓይስ የብዙዎቹ አባት ነው፤ ከእርሱ የተወለደው ኤልቲስፓይስ በነፃ ይገኛል። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ከመክፈታችሁ በፊት በወረቀት አስሉ። 12ን ለ18 ስናካፍል፣ ትራንዚስተሩ የእያንዳንዱን ዙር ሁለት ሦስተኛ በርቶ መቆየት እንዳለበት እናገኛለን። ድግግሞሹ 50 ኪሎኸርዝ፣ ኢንዳክተሩ 100 ማይክሮሄንሪ ቢሆን፣ የኢንዳክተሩ ከረንት በ0.8 አምፔር ስፋት ይዋዥቃል። የ4 ኦም ጭነት 3 አምፔር ይወስዳል። እንግዲህ ማስመሰያው 11.8 ቮልት ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፤ ዳዮዱ ድርሻውን ወስዶ ነው። 17 ቢያሳያችሁ ግን የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። ቀድሞ ያላሰላ ሰው ሁለቱን በምን ይለያቸዋል?

ጀማሪን የሚያደናቅፉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። የመሬት ምልክት የሌለው ሰርኪት አይሠራም። «ኤም» የምትለው ፊደል ትልቅም ሆነች ትንሽ «ሚሊ» ማለት ናት፤ አንድ ሜጋኦም ያሰባችሁት ሬዚስተር የኦም አንድ ሺኛ ይሆንባችኋል። የጊዜ እርምጃውም ከ0.1 ማይክሮሰከንድ አይብለጥ፤ አንዱ ዙር 20 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነውና።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሶፍትዌሩ ንጽሕና ነው። በወጣትነቴ እንዲህ ያለ መቀየሪያ አስመስዬ፣ ውጤቱ አምሮልኝ፣ 30 ቮልት በሚችል ትራንዚስተር ሠራሁት። ባበራሁት ቅጽበት ተቃጠለ። በሥዕሉ ላይ ያሉት መስመሮች ኢንዳክታንስ አልነበራቸውም፤ የእኔ ሽቦ ግን ነበረው። ዐሥር ሴንቲሜትር ሽቦ 100 ናኖሄንሪ ገደማ አለው፤ 3 አምፔር በ20 ናኖሰከንድ ሲቋረጥበት 15 ቮልት ይፈጥራል። በ18ቱ ላይ ሲደመር 33 ነው። ያችን 100 ናኖሄንሪ ሥዕሉ ላይ ብጨምራት ኖሮ ትራንዚስተሬን በአደባባይ ባልቀበርኩ።

ሶፍትዌሩ ያለንበትንም ቦታ አያውቅም። ካልነገራችሁት ሙቀቱን 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርጎ ይወስዳል። ቡይት ራስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ብርዱ ቢያታልለንም፣ ሳስቶ የሚነፍስ አየር ሙቀት የማንሣት አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ ለማቀዝቀዣው ብረት አምራቹ የጻፈውን ቁጥር እንዳለ አትቅዱ፤ አስከፍታችሁ አስገቡ።

አሁን ኮምፒውተሮቹን እንክፈት።