ከወለጋ ተራሮች በአማተር ራዲዮ መገናኘት፦ የሞገድ ምርጫ

ተራራ መውጣትን ከአማተር ራዲዮ ጋር ያጣመረው «ሰሚትስ ኦን ዘ ኤር» በ2002 እ.ኤ.አ. በብሪታኒያ ተጀመረ። ተሳታፊው ጣቢያውን ተሸክሞ ይወጣል፤ የመኪና ኃይልም ሆነ የነዳጅ ጄኔሬተር አይፈቀድለትም።

ይህን ከኑኑ ቁምባ ከፍታዎች ለሚሞክር ፈቃድ ያለው ተጓዥ የመጀመሪያው ጥያቄ የሞገድ ምርጫ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የ145 ሜጋኸርዝ የእጅ ራዲዮ ሞገድ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ፣ ከአካባቢው 1000 ሜትር ከፍ ካለ ጫፍ እንኳ በሜዳ ላይ ላለ ተቀባይ የሚደርሰው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከል ያለው ደጋ ደግሞ ይህንኑ ያሳጥረዋል።

በ7 ሜጋኸርዝ ግን የተራራው ከፍታ ዋና ጉዳይ አይደለም። እያንዳንዳቸው 10 ሜትር ያህል የሆኑ ሁለት የሽቦ ክንዶች ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብለው ሲዘረጉ ሞገዱን ሽቅብ ይልካሉ፤ አዮኖስፌር ወደ ታች ሲመልሰው ሸንተረር አያግደውም። ሽቦውን ለመስቀል ረጅም ምሰሶ መሸከም ለዚህ ርቀት ትርፍ ድካም ነው። እኩለ ቀን ላይ የአዮኖስፌር የታችኛው ንብርብር ሞገዱን ስለሚውጥ ረፋድና አመሻሽ ይመረጣሉ። ስልክ በማይሠራበት ገደል እግሩ የተሰበረ ሰው ቢኖር ጥሪው የሚሰማው ግን አዳማጩ አስቀድሞ ሰዓቱንና ፍሪኩዌንሲውን ካወቀ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ከጉዞው በፊት በጽሑፍ ይሰጡታል።