ከተራዊሕ በኋላ ኔትወርኩ ለምን ይዘገያል?

 

ረመዷንን ሐይቅ ከተማ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። ከተራዊሕ ወጥቶ ስልኩን ሲከፍት የኔትወርክ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ቪዲዮው ግን አይከፈትም። ወደ አምባሰል ገደላገደል ሲወረድ ደግሞ ምልክቱም ይጠፋል። ሁለቱ ችግሮች አንድ ይመስላሉ፤ ምክንያታቸው ግን ይለያያል።

የመጀመሪያው መጨናነቅ ነው። ስልካችን ከማማው ጋር የሚገናኘው በሬድዮ ሞገድ ሲሆን ለእያንዳንዱ ማማ የሚደርሰው የሞገድ ስፋት የተወሰነ ነው። ለምሳሌ 20 ሜጋኸርዝ ያለው የፎርጂ ማማ በተለመደው አሠራር በአንድ አቅጣጫ ቢበዛ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ያወርዳል። ይህን በዚያ አቅጣጫ ያለው ሰው ሁሉ ይካፈለዋል። 50 ሰው እኩል ቪዲዮ ቢከፍት ለእያንዳንዱ 3 ሜጋቢት ይደርሰዋል፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል። የምልክቱ መሙላት ማማው በደንብ መሰማቱን እንጂ ድርሻችን መብዛቱን አያሳይም።

ሁለተኛው የመልክዓ ምድሩ ነው። የ800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 37 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ ይጓዛል፣ በኮረብታ ጫፍም በመጠኑ ይታጠፋል። የ2600 ሜጋኸርዝ ሞገድ 11 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ቶሎ ይዳከማል፤ ሆኖም በዚያ በኩል ሰፊ ቦታ ስለሚገኝ ብዙ ዳታ ይሸከማል። ለደሴ መሐል ከተማ ከፍተኛው፣ ለአምባሰል ቀበሌዎች ዝቅተኛው ይስማማል። ዝቅተኛው ግን ጠባብ ነው። በብዙ አገሮች ከዚህ ሰፊውን ይዞ የነበረው ቴሌቪዥን ሲሆን፣ ቴሌቪዥን ወደ ዲጂታል ሲዞር የተለቀቀው ቦታ ለሞባይል ተሰጥቷል።

ሞገድ እንደ ማዕድን ተቆፍሮ አይጨመርም። በአንድ ቦታ ሁለት ድርጅቶች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ቢያሰራጩ ሁለቱም ይረበሻሉ። ስለዚህ አከፋፋይ ያስፈልጋል፤ በአገራችን ይህ ኃላፊነት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል።

በመድረሳ ውሃና ግጦሽ የሰው ሁሉ የጋራ መሆናቸውን ተምረናል። በእኔ እይታ ሞገድም ከዚሁ ይቆጠራል። አከፋፋዩ አማና አለበት፤ የተሰጠው ኩባንያም ትርፍ ካለበት ከተማ አልፎ ገጠሩን ማዳረስ ይጠበቅበታል። የምህንድስና ተማሪዎች ነገ ይህን ዕቅድ የምናወጣው እኛው ነንና ከአሁኑ እናስብበት።

እስከዚያው የየራሳችን ድርሻ አለን። ደርስ ስንልክ ቪዲዮ ካላስፈለገ ድምፁ ይበቃል። ከባድ ፋይል በካምፓስ ዋይፋይ ወይም ሌሊት ለሱሑር ስንነሣ እናውርድ። የተውነው ድርሻ የ12ኛ ክፍል ውጤቷን በስልክ ለምትጠብቅ እህት ሊደርስ ይችላል።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ወላሁ አዕለም።