ፓይተን ፳፻፲፯ን ለምን አይቀበልም?

ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ወደተጻፈ ፕሮግራም ከኪቦርድ የሚገባ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ጽሑፍ ነው፤ ፕሮግራመሮች ስትሪንግ ይሉታል። ተጠቃሚው 5 እና 7 አስገብቶ ፕሮግራሙ ሳይለውጣቸው ቢደምራቸው ውጤቱ 57 ይሆናል፤ ምልክቶቹን ጎን ለጎን ከመለጠፍ በቀር የሚያደርገው የለም። ለእያንዳንዱ ምልክት መለያ ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ሰንጠረዥ የምልክቱ 5 መለያ 53 ነው፣ የ7 ደግሞ 55። ብዛታቸው ገና አልታወቀም።

ስትሪንግን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚለውጠው ኢንት የተባለው ትእዛዝ ነው። 472ን ሲሰጡት 4ን ይይዛል፤ 7 ሲመጣ የያዘውን በ10 አባዝቶ 7 ይጨምርና 47 ያደርገዋል፤ ያንንም በ10 አባዝቶ 2 ሲጨምርበት 472 ይሆናል። ዳርና ዳር ያለ ክፍት ቦታ አያስቸግረውም፤ በ1,250 ውስጥ ያለችው ነጠላ ሰረዝ ግን ታቆመዋለች። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ፊተኛው ዜሮ ስለሚጠፋ ጨርሶ ባይለወጥ ይሻላል።

ይህ ስሌት የሚሠራው የአሃዙ ዋጋ እንደተቀመጠበት ቦታ ሲለዋወጥ ነው። በዓረብኛ ወይም በሂንዲ አሃዞች የተጻፈ 472ንም ኢንት ያለ ችግር የሚቀበለው ለዚህ ነው። የግእዝ ቁጥር አሠራሩ ሌላ ነው። ፳፻፲፯ ሲነበብ 20 በ100 ይባዛል፣ 10 ይደመርበታል፣ 7 ይደመርበታል፤ 2017። ዜሮ የለውም፤ ፲ የትም ቢቀመጥ 10 ነው።

ስለዚህ ኢንት ፳፻፲፯ ሲሰጠው «ቫልዩኤረር» የሚል የስህተት መልእክት ሰጥቶ ያቆማል፤ ብቻዋን ያለችውን ፯ እንኳ አይቀበልም። የሚገርመው፣ ፓይተን ስለ ፯ «ኢዝዲጂት» (አሃዝ ነው ወይ?) ተብሎ ሲጠየቅ አዎ ይላል፣ «ኢዝዴሲማል» (የቦታ ዋጋ ያለው አሃዝ ነው ወይ?) ሲባል ግን አይደለም ይላል። ኢንት የሚከተለው ሁለተኛውን ስለሆነ በመጀመሪያው መልስ ተማምኖ ኮድ የጻፈ ሰው ፕሮግራሙ መሃል ላይ ይቆምበታል። ቢሆንም ኢንት እምቢ ማለቱን እደግፋለሁ፤ ፳፻፲፯ን በቦታ ዋጋ ቢያሰላው ኖሮ የተሳሳተ ዓመት ማንም ሳያውቅ መዝገብ ውስጥ ይገባ ነበር።

የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፎችን ወይም የብራና ዘመን ቁጥሮችን ኮምፒውተር ላይ ለሚያስገባ ሰው መውጫው ቅርብ ነው። «ዩኒኮድዴታ» የተባለው ሞጁል «ኒውመሪክ» በሚለው ትእዛዙ የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ ይሰጣል፦ ለ፲ 10፣ ለ፻ 100፣ ለ፼ 10000። ከ፼ በታች ላለ ቁጥር ቀሪው ሥራ ከአሥር መስመር አይበልጥም፦ ዋጋዎቹን እየደመሩ መሄድ፣ ፻ ላይ ሲደርሱ እስከዚያ የተደመረውን በ100 ማባዛት፣ ከ፻ በፊት ምንም ከሌለ 1 እንዳለ መቁጠር።