የሐረር ከፍታና አሮጌው ካርቦሬተር፦ በአየር የሚቀዘቅዙ መኪኖች በከተማ ለምን ይንገጫገጫሉ?

ማለዳ በፈረስ መጋላ ዙሪያ አሮጌ መኪና ሲነሣ በቅርብ የቆመ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል፤ ከማርሚታው የሚወጣ ጥቁር ጭስና ዓይን የሚቆጠቁጥ የቤንዚን ሽታ። ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ለአፍታ ይታፈንና በድንገት ይፈናጠራል። ብዙ ባለንብረቶች ጥፋቱን በመኪናው ዕድሜ ያመካኛሉ። ዕድሜ የራሱ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ በርካታ ጊዜ መንሥኤው ለባሕር ጠለል የተሠራ ካርቦሬተር 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ከተማ ላይ ሳይስተካከል መሥራቱ ነው።

ሐረር ከአሮጌ መኪና ጋር ያላት ቁርኝት ከአገር ውጭም የታወቀ ነው። ፈረንሳይ ሠራሹ ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ማምረት የተጀመረ ሞዴል ሲሆን፣ በጀጎል በሮች ዙሪያ በታክሲነት ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል። ጎብኚዎችም እንደ ግንቡ ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሡታል። (ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ «መኪና ግርግር» መባሉ ግን ከታክሲዎቹ ጋር አይገናኝም፤ ስሙ የመጣው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው።) ፔጆው በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ያለው በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ አይደለም። ትኩረቱ በአየር በሚቀዘቅዙት ላይ ነው፤ እነርሱም ሕዝቡ ቮልስ የሚለው ቮልስዋገን፣ ካርቦሬተር ያላቸው ባጃጆች፣ እንዲሁም በገበሬው ማሳ ዳር የሚያጓራው የውሃ መሳቢያ ሞተር ናቸው።

ጉዳዩ የኪስ ጉዳይም ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ በጭስ መልክ የሚወጣው ቤንዚን ዋጋው ከፍ ብሏል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተገለጸ በኋላ ደግሞ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና አክሞ ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ ብቸኛው አማራጭ ሆኗል። ቮልስ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ አዲስ የሚጠብቅ የለም።

ቀጭን አየር ምን ያደርጋል?

ካርቦሬተር ቀላል መሣሪያ ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ በዚህ የግፊት ልዩነት ቤንዚን ከትንሿ ማጠራቀሚያ እየተሳበ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። የሚሳበውን መጠን የሚወስነው እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ያለው የነሐስ ብሎን ነው፤ በዚህ ጽሑፍ «ማሳለፊያ» ተብሏል። ተስማሚው ድብልቅ በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ነው። ችግሩ ካርቦሬተር የአየርን ክብደት መመዘን አለመቻሉ ነው። ያለፈው አየር ወፍራም ይሁን ቀጭን ለይቶ አያውቅም።

በሐረር ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ17 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። የሚሳበው ቤንዚንም በተወሰነ መጠን ይቀንሳል፤ ነገር ግን አየሩ የቀነሰውን ያህል አይቀንስም። ልዩነቱ ሲሰላ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቦሬተር በሐረር 10 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ሞተሩም ጉልበቱን በአምስት አንድ ገደማ ያጣል። የጠፋውን ጉልበት የትኛውም መካኒክ በካቻቢቴ ሊመልሰው አይችልም፤ ትርፉን ቤንዚን ማስቀረት ግን ይቻላል።

ትርፍ ቤንዚን በገንዘብ ብክነት ብቻ አያበቃም። ያልተቃጠለው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ቮልስ የምትይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት የዘይት ማጣሪያም ተራ ወንፊት ነው። ያው ዘይት ሞተሩን ከማለስለስ አልፎ የማቀዝቀዝ ሥራም ስላለበት በቤንዚን ሲቀጥን ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ፣ መኪናው ከመንገድ ወርዶ የቤንዚን ፓምፑና ካርቦሬተሩ ይታዩ።

በተቃራኒው ቤንዚን ከልክ በላይ የተቀነሰበት ሞተር ይግላል። በውሃ የሚቀዘቅዝ መኪና ራዲያተሩ እየፈላ ያስጠነቅቃል፤ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ግን ሳይናገር ቫልቮላውን ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በተሠሩት ቮልሶች ቀድሞ የሚጎዳው 3ኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ እርሱ የሚሄደውን ነፋስ ስለሚጋርድበት። ስለዚህ «ቤንዚን እንዳይበላ ቀንስልኝ» የሚለው የተለመደ ትእዛዝ ያለ ልክ ከተፈጸመ ከነዳጁ ዋጋ የበለጠ ኪሳራ ያመጣል።

የእሽቅድምድም ካርቦሬተር በከተማ መንገድ

አንዳንድ ባለቮልሶች ጉልበት ፍለጋ የፋብሪካውን ነጠላ ካርቦሬተር አውጥተው ጣሊያን ሠራሽ የሆኑትን ዌበር ወይም ዴሎርቶ ያስገጥማሉ፤ ብዙውን ጊዜም በግራና በቀኝ ሁለት። መሣሪያዎቹ ጥሩ ናቸው። ቅሬታው ግን ከመካኒኩ ደጅ ሳይርቅ ይጀምራል፤ መኪናው በዋናው መንገድ ሲከንፍ፣ በሸዋ በር ግርግር መካከል በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲሄድ ይንገጫገጫል።

ምክንያቱ የሚገኘው በጉሮሮው ስፋት ነው። ሰፊ ጉሮሮ በከፍተኛ ዙር ብዙ አየር ያሳልፋል። በዝቅተኛ ዙር ግን አየሩ ይዘገያል፤ የዘገየ አየር ቤንዚን የመሳብ አቅሙ ደካማ ነው። ለከተማ መንገድ የሚሆነው በካርቦሬተሩ ውስጥ የሚገባው ጠበብ ያለ ጉሮሮ ነው፤ ለምሳሌ 40 ሚሊ ሜትር አፍ ላለው ዌበር 28 ሚሊ ሜትሩ።

ከዚህ የሚብሰው ግን ስሕተቱን በተሳሳተ ቦታ መፈለግ ነው። መኪናው ሲንገጫገጭ በቅድሚያ የሚለወጠው ዋናው ማሳለፊያ ነው። እነዚህ ካርቦሬተሮች ሁለት መንገድ አላቸው። ነዳጅ መስጫው ብዙም ሳይረገጥ፣ በደቂቃ እስከ 2,500 ዙር ገደማ ድረስ ቤንዚን የሚመጣው ከሚኒሞው ማሳለፊያና ከእርሱ ቀጥለው ካሉት ጥቃቅን የመሸጋገሪያ ቀዳዳዎች ነው። ዋናው ማሳለፊያ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በሐረር ውስጥ የሚዞር መኪና አብዛኛውን ቀኑን የሚያሳልፈው በሚኒሞው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ዋናውን ማሳለፊያ አሥር ጊዜ መቀያየር የገበያ መሐል ንገጫገጭታውን አያስወግደውም።

የሥራው ቅደም ተከተልም ችላ ይባላል። ካርቦሬተር መነካት ያለበት በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ የቫልቮላው ክፍተት ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት ሰዓት ይለካል፤ በአብዛኞቹ ቮልሶች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጥሎ የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር መሆኑ፣ ካንዴላዎቹና የእሳቱ ሰዓት ይታያሉ። ከዚያ በካርቦሬተሩና በሞተሩ መካከል አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ወይም ያረጀ ጓርኒሲዮን ካለ ይለወጣል። ሰርቆ የሚገባ አየር ባለበት ሞተር ላይ ብሎን ማዞር በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው።

እነዚህ ካለቁ በኋላ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ የማለዳ ማስነሻ ክዳኑም ሙሉ በሙሉ መከፈቱ ይረጋገጥ። በፋብሪካው ካርቦሬተር ላይ የድብልቅ ማስተካከያው ብሎን ሳይጨነቅ እስኪነካ ተዘግቶ፣ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ያህል ይከፈታል። ቀጥሎ ቀስ እያሉ መዝጋት፤ ሞተሩ መድከም ሲጀምር ዙሩ እስኪያምር መመለስ፤ ሚኒሞውን ወደ 850 ዙር ማምጣት። በዌበሩም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ሲሆን አንድ ጠቃሚ ምልክት ይጨመርበታል፤ ሞተሩ የሚሻለው ብሎኑ ሊዘጋ ሲቃረብ ብቻ ከሆነ የሚኒሞው ማሳለፊያ ለከፍታው ሰፍቷልና በአንድ ቁጥር ዝቅ ይደረጋል። ብሎኑ ብዙ ዙር ተከፍቶም ሞተሩ ካልረጋ ማሳለፊያው ጠብቧል ወይም ተደፍኗል።

ሁለት ካርቦሬተር ያለው ሰው ሁለቱ እኩል አየር መሳባቸውን ማረጋገጥ አለበት። መለኪያ ባይኖር የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ወደ ጆሮ፣ ሌላውን ወደ ካርቦሬተሩ አፍ አስጠግቶ የሹክሹክታውን ድምፅ ማወዳደር ይቻላል። ይህም ሞተሩ ግሎ ሳለ መሠራት አለበት፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲግል ወደ ጎን ስለሚሰፋ ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ በብርድ የነበረውን ልክ ያጣል።

በሥራው ወቅት ያረጁ የቤንዚን ቱቦዎች ቢለወጡ መልካም ነው፤ ከጋለ ሞተር በላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን የብዙ ቮልሶች መጨረሻ ሆኗልና። በተዘጋ ጋራዥ ወይም በግቢ በር ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ማስተካከልም አይገባም። ትርፍ ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል።

ወደ ድሬዳዋ ሲወረድስ?

የዋናው ማሳለፊያ መጠን የሚታሰበው እዚህ ላይ ነው። በባሕር ጠለል 135 ቁጥር የሚስማማው ካርቦሬተር በሐረር ከፍታ 130 ገደማ ይበቃዋል። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ድሬዳዋ ሲወርድ ድብልቁ በ3 እና በ4 በመቶ መካከል ይሳሳል፤ የቆላው ሙቀት አየሩን ስለሚያቀጥነው ልዩነቱ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል የሚመላለስ ሰው በየጉዞው ማሳለፊያ መቀየር አያስፈልገውም። እስከ ጅቡቲ የሚወርድ ግን የቀድሞውን መመለስ ይኖርበታል።

ይኸው ሕግ ለገበሬውም ይሠራል። በሐረማያና በአወዳይ ዙሪያ ጫትና አትክልት የሚያጠጡ የቤንዚን ሞተሮች በአየር የሚቀዘቅዙ ናቸው፤ የሚሠሩትም 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የሆንዳ ኩባንያ ለትንንሽ ሞተሮቹ ባወጣው መመሪያ ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጉልበት በ3.5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ፣ ለከፍታ ቦታ የተዘጋጀ ማሳለፊያ ማስገጠም እንደሚቻል፣ ያ ሞተር ወደ ቆላ ወርዶ ቢሠራ ግን ግሎ ሊበላሽ እንደሚችል ይገልጻል። ደጋ ላይ የተስተካከለ ሞተር በኤረር ሸለቆ ላለ ዘመድ ከማዋሱ በፊት ይህን ማስታወስ ይገባል። በባጃጅ ላይ ደግሞ ከማሳለፊያው በፊት የአየር ፊልትሮው ይታይ፤ በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ የከፍታውን ያህል ቤንዚን ያባክናል።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚያወጣው ዳገት ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ሞተሩ በዋናው ማሳለፊያ ሙሉ ጭነት ይዞ ይወጣዋልና። ዳገቱ ሲያልቅ ከመንገድ ወጣ ብሎ በሚኒሞ ሳያቆዩ ማጥፋት፣ እስኪበርድ መጠበቅ፣ አራቱንም ካንዴላ ፈትቶ ጫፋቸውን ማየት። ለስላሳ የተቆላ ቡና የመሰለ ቀለም ትክክል ነው። ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚኑ ገና ብዙ ነው። ከነጣ ግን ወደ ሐረር የሚቀረው ጉዞ በቀስታ ይሁን፣ ማሳለፊያውም በማግስቱ በአንድ ቁጥር ከፍ ይበል።